ሦስተኛዋ ሽቦ

ዛሬ ትንሽ ረዘም ያለ ነገር ነው የምጽፈው። መርካቶ ሱቅ ያላችሁ፣ ሱቅ ያለው ዘመድ ያላችሁ፣ ወይም ቤታችሁ ውስጥ ራውተርና ካሜራ የገጠማችሁ ሁሉ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። ስለ ፖለቲካ አይደለም፣ ስለ ኳስም አይደለም። ስለ አርዝ ነው። አዎ፣ ስለዚያች ቢጫና አረንጓዴ ሽቦ።

እኛ ሀገር ስለ አርዝ ሲነሳ ሁለት መልስ አለ። አንደኛው «ያለ እሱም ይሠራል» ነው። ሁለተኛው «ትንሽ ነው እኮ የሚነዝረው፣ ለምደነዋል» ነው። ሁለቱም እውነት ነው፣ ጉዱ ያለውም እዚያው ላይ ነው። ፌዝና ኒውትራል ካገኘ አምፖሉም ይበራል፣ ኮምፒውተሩም ይነሳል፣ ዲሹም ይሠራል። አርዝ የምትፈለገው ነገር ሲበላሽ ነው። ብዙ ሰው የማያውቀው ደግሞ ምንም ሳይበላሽም የምትፈለግበት ጊዜ አለ፤ ይኸውም ዕቃዎች በሽቦ እርስ በርሳቸው ሲነጋገሩ ነው። ዛሬ የማወራችሁ በተለይ ስለዚህኛው ነው።

እኔ ኢንጂነር አይደለሁም። በዲፕሎማ የተመረቅኩ፣ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አይሲቲ የማስተምር መምህር ነኝ። የኮምፒውተር ክፍሉን ቁልፍ የምይዘው እኔ ስለሆንኩ የሚቃጠል ነገር ሲኖር መጀመሪያ የምጠራውም እኔ ነኝ። ቴስተር ቦርሳዬ ውስጥ ይዞ መሄድ የለመድኩት በዚህ ምክንያት ነው።

ባለፈው ዓመት ክረምት ሊገባ ሲል አንድ የድሮ ተማሪዬ ደወለልኝ። ልጁ አሁን መርካቶ ውስጥ ካሜራና ኔትወርክ እየገጠመ ነው የሚኖረው። ጎበዝ ነው፣ እጁም ንጹህ ነው። ድምፁ ግን ልክ አልነበረም።

«ቲቸር፣ ሌባ ተባልኩ እኮ» አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ሐጂ አሉ፣ ስማቸውን አልጠራም። ሱቃቸው ምድር ላይ ነው፤ መጋዘናቸው ከኋላ ባለ ሌላ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። በሁለቱ መሃል ስልሳ ሜትር የሚሆን የኔትወርክ ኬብል ተዘርግቷል። ሱቁ ውስጥ አንድ ስዊችና የአራት ካሜራ ዲቪአር አለ። መጋዘኑ ውስጥ ደግሞ የዕቃ ገቢና ወጪ የሚመዘገብበት ኮምፒውተር አለ። በአራት ወር ውስጥ ሁለት ስዊች ተቃጠለ፣ የዲቪአሩ የኔትወርክ ፖርት ሞተ፣ የመጋዘኑ ኮምፒውተር ኔትወርክ ካርድም ተከተለ።

ሐጂ ነጋዴ ናቸው፤ ሒሳቡንም በነጋዴ ዓይን ነው ያዩት። ልጁ ኦሪጅናል ብሎ ኮፒ ዕቃ እያመጣ ነው አሉ። ሁለተኛውን ስዊች ከኪሱ አስከፈሉት። ገንዘቡ አይደለም ልጁን ያስጨነቀው። መርካቶን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ጠዋት አንድ ሱቅ «ያ ልጅ ዕቃ ይቀይራል» ከተባለ ማታ ተራው በሙሉ ሰምቶታል። ከዚያ በኋላ ማን ደጁን ይከፍትለታል?

ቅዳሜ ከሰዓት ቴስተሬን ይዤ ሄድኩ። ሐጂ በአክብሮት ነው የተቀበሉኝ፣ ሻይም አዘዙልኝ።

«መምህር፣ ልጁ ተማሪዎ ነው አሉኝ። እኔ ጠልቼው አይደለም» አሉኝ። «ግን ዕቃ በየወሩ ይቃጠላል እንዴ? የጎረቤቴስ ለምንድነው የማይቃጠለው?»

ጥያቄው ትክክለኛ ጥያቄ ነበር። እንዲያውም መልሱ ያለው እዚያው ጥያቄ ውስጥ ነው።

መጀመሪያ ዲቪአሩን ከካሜራውም ከኔትወርኩም ነቀልኩትና መብራት ላይ ብቻውን እንዲሰካ አደረግኩ። የዲቪአሩን ብረት አካልና የሱቁን የብረት ምሰሶ በቴስተር ስለካ 97 ቮልት አሳየኝ። ሐጂ ደነገጡ። ይሄ ግን የተለመደ ነገር ነው። ዛሬ ያሉ አዳፕተሮችና ፓወር ሰፕላዮች ውስጥ ጩኸት ለማጣራት የሚገቡ ትናንሽ ካፓሲተሮች አሉ። በእነሱ በኩል ጥቂት ኤሌክትሪክ ወደ ዕቃው አካል ያልፋል። አርዝ ካለ ወደ መሬት ይሄዳል፣ ማንም አያውቀውም። አርዝ ከሌለ ግን የዕቃው አካል በፌዝና በኒውትራል መሃል ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ የ220 ግማሽ፣ ማለትም ወደ 110 ቮልት አካባቢ። የዲሽ ኬብል ስትነኩ ቁንጥጥ የሚያደርጋችሁ ይሄው ነው። መጠኑ ብዙ ጊዜ ከአንድ ሚሊ አምፒር በታች ስለሆነ ጤነኛ ሰው አይገድልም። ግን በ3 እና በ5 ቮልት ለሚሠራ ቺፕ ቀላል እንግዳ አይደለም። በመብራት ላይ እያለ ኬብል ስትሰኩና ስትነቅሉ የኤችዲኤምአይ ፖርት የሚሞትባችሁ አንዱ ምክንያት እሱ ነው።

ይሄ ብቻውን ግን ሁለት ስዊች አያቃጥልም። ስለዚህ መጋዘን ወጣን።

መጋዘኑ ውስጥ ሶኬቱን ስንፈታ ያገኘነውን ነገር አንዳንዶቻችሁ ቤትም ይኖራል ብዬ እሰጋለሁ። ከመሬት የመጣ የአርዝ ሽቦ የለም። የሠራው ሰው ግን ሶኬቱ «አርዝ ያለው» እንዲመስል በትንሽ ሽቦ ኒውትራሉን ከአርዙ ጫፍ ጋር አገናኝቶታል። ቴስተር ስታስገቡ ፌዝና አርዝ መሃል 220 ያሳያል፤ ሰው ደስ ብሎት ይሄዳል። እውነታው ግን የኮምፒውተሩ ብረት አካል ኒውትራል ላይ ታስሯል ማለት ነው። ኒውትራል ደግሞ ኤሌክትሪክ ተሸክሞ የሚመለስ ሽቦ ነው። አንድ ቦታ ላይ ከላላ ወይም ከተቆረጠ፣ የዚያ ኮምፒውተር ካሳ ሙሉ 220 ቮልት ይሆናል። ብሬከሩም አይወርድም፤ ለሱ ምንም አጥፊ ነገር አልተፈጠረምና።

አሁን ወደ ሐጂ ጥያቄ እንምጣ። ልጁ ኮፒ ኬብል አይደለም የገዛው። ተቃራኒውን ነው ያደረገው፤ ውድ የሆነውን፣ ከውስጥ ፎይል ያለውን ኬብል ገዝቶ በሁለቱም ጫፍ ባለ ብረት ኮኔክተር አስሮለታል። ጥሩ ዕቃ ልግዛ ማለቱ ነው ጣጣ ያመጣበት። ያ ፎይል የመጋዘኑን ኮምፒውተር አካል ከሱቁ ስዊች አካል ጋር በቀጥታ ያገናኛል። ስዊቹ ከዲቪአሩ ጋር አንድ የብረት መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። የዲቪአሩ ካሜራዎች በብረት አካላቸው የሱቁ ምሰሶ ላይ ተበይደዋል ማለት ይቻላል፤ ምሰሶው መሬት ውስጥ ገብቷል። እንግዲህ ተከታተሉት፦ የመጋዘኑ ኒውትራል፣ ኮምፒውተሩ፣ የኬብሉ ፎይል፣ ስዊቹ፣ ዲቪአሩ፣ ካሜራው፣ ምሰሶው፣ መሬት። ማንም ሳያስበው የመጋዘኑ ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚሄድበት አቋራጭ መንገድ ተከፍቷል፤ መንገዱም በስዊቹ ሆድ ውስጥ ያልፋል።

ለሐጂ በወሬ ከምነግራቸው ላሳያቸው ብዬ ኬብሉን ከስዊቹ ነቀልኩና የፎይሉን ጫፍና ምሰሶውን ለካሁ። 1 ቮልት ገደማ ነው። ልጁን ስልክ አስደውዬ መጋዘን ያለውን የዕቃ ጠባቂ የሻይ ማንቆርቆሪያውን እንዲለኩስ አደረግኩ። ቴስተሩ ዘሎ 11 ቮልት ገባ። አጥፋው አልነው፤ ወደ 1 ተመለሰ። አብራው፤ 11።

ሐጂ ቴስተሩን ከእጄ ወስደው ራሳቸው አዩት። «መምህር፣ እዚያ ሻይ ሲፈላ ነው እዚህ ስዊቹ የሚቃጠለው?»

«ሻዩ አይደለም ሐጂ፤ ሻዩ ያጋለጠው ነው» አልኳቸው። ማንቆርቆሪያው ወደ 9 አምፒር ይስባል። በጤነኛ ኒውትራል ላይ ይሄን ያህል ቮልት አይጠፋም። 11 ቮልት ከታየ አንድ ቦታ ላይ መጥፎ መገጣጠሚያ አለ ማለት ነው። በ9 አምፒር ሲባዛ ወደ መቶ ዋት ይጠጋል፤ አንድ የድሮ አምፖል የሚያህል ሙቀት በአንዲት የሽቦ ቋጠሮ ላይ ማለት ነው። ቋጠሮው ደህና ሲሆን 11 ነው፤ ሲላላና ብልጭ ሲል ግን ልዩነቱ ወደ ሙሉው 220 ይጠጋል፤ ያኔ ነው ስዊቹ የሚሄደው። ኤሌክትሪሺያን ተጠርቶ ከቆጣሪው ወዲህ ያለውን መስመር ሲፈትሽ ቋጠሮው ተገኘ። የሽቦው ሽፋን ቀልጦ፣ ዙሪያው ጠቁሮ ነበር። በላዩ ላይ ደግሞ ካርቶን ተከምሮ።

እሳት ምን እንደሆነ ለመርካቶ ሰው አስተማሪ አያስፈልገውም። ጥቅምት 2017 ሸማ ተራ የተነሳውን እሳት ያየ ሰው ያን ጥቁር ቋጠሮ ሲያይ የሚሰማውን ያውቃል። ሐጂ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ «አልሐምዱሊላህ» ብቻ ነው ያሉት።

አሁን ለምን እንዲህ እንደሚሆን ለተማሪዎቼ እንደምነግራቸው ልንገራችሁ። ሁለት ዕቃ በሽቦ ሲነጋገሩ የሚላላኩት የቮልት ከፍታና ዝቅታ ነው። ከፍታ ደግሞ ከአንድ ዜሮ ተነስቶ ነው የሚለካው። ሁለት ሰዎች ቁመት ሊለካኩ ቆመው አንዱ በርጩማ ላይ ቢወጣ ልኬቱ ምን ዋጋ አለው? የሁለቱ ዕቃ ዜሮ ከተለያየ እንዲሁ ነው። የድሮው ሲሪያል ኬብል፣ አርኤስ-232 የሚባለው፣ ብዙ የሽያጭ መመዝገቢያ ማሽንና ፕሪንተር ዛሬም የሚጠቀምበት፣ ከ+3 ቮልት በላይና ከ-3 ቮልት በታች ባለው ልዩነት ነው ፊደል የሚያነበው። የዜሮ ሽቦውንም ሁለቱ ዕቃዎች ይጋሩታል። ዜሮው በጥቂት ቮልት ከተናጋ መጀመሪያ ፊደል ይሳሳታል፤ ሲብስ ቺፑ ይሞታል።

የኔትወርክ ኬብል የተሠራው ይሄን ታስቦ ነው። በሁለቱም ጫፍ ትንሽ ትራንስፎርመር አለች፤ መልእክቱን ታሳልፋለች፣ ዜሮውን ግን አታገናኝም። 1500 ቮልት እንድትችል ሆና ነው የምትሠራው። ስለዚህ ተራው፣ ፎይል የሌለው ኬብል ከዚህ ዓይነት ጣጣ በአብዛኛው ነፃ ነው። ፎይል ያለውን በሁለቱም ጫፍ በብረት ስታስሩት ግን በሩን ዘግታችሁ መስኮቱን ከፈታችሁ ማለት ነው። የሐጂ ጎረቤት ዕቃ የማይቃጠለውም ለዚህ ነው። የሱ ዕቃ ሁሉ አንድ ሱቅ፣ አንድ ቆጣሪ ላይ ነው። የሐጂ ግን ሁለት ሕንፃ፣ ሁለት ቆጣሪ፣ ሁለት ዜሮ ነው።

ይሄ አዲስ ችግር እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1838 ሽታይንሃይል የሚባል ጀርመናዊ ለቴሌግራፍ ሁለት ሽቦ አያስፈልግም፣ መመለሻው መሬት ራሷ ልትሆን ትችላለች ብሎ አሳየ። ትልቅ ግኝት ነበር፤ የሽቦው ወጪ በግማሽ ወረደ። ስልክ ሲመጣም ብዙ ቦታ በአንድ ሽቦና በመሬት ነበር የተጀመረው። የኤሌክትሪክ ባቡርና መብራት ከተማ ውስጥ ሲበዛ ግን የእነሱም ኤሌክትሪክ በዚያው መሬት መመለስ ጀመረ፣ ስልኩ በጩኸት ተሞላ። መጨረሻ ላይ ስልኮቹ ወደ ሁለት ሽቦ ተመለሱ፤ የተጠማዘዘው ጥንድ ሽቦ፣ ዛሬ በኔትወርክ ኬብል ውስጥ የምናየው፣ የዚያ ዘመን ልጅ ነው። ትምህርቱ አንድ ነው፦ መሬት መሸሸጊያ ናት እንጂ የመልእክት መንገድ አይደለችም።

እኔ የፕላዝማ ትውልድ ነኝ። በ1997 ዓ.ም. የሳተላይት ትምህርት ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሲገባ ጣሪያ ላይ ዲሽ፣ ክፍል ውስጥ ትልቅ ቲቪ መጣልን። ኬብሉን ነክቶ ማን ብዙ እንደሚችል እንወዳደር ነበር። ጨዋታ ነበር ለኛ። ዛሬ የእኔ ተማሪዎች ኮምፒውተር ክፍል ውስጥ ካሳውን ነክተው «ቲቸር፣ ነዘረኝ» ሲሉኝ ግን ጨዋታ አይመስለኝም። በነገራችን ላይ ሕንፃው አርዝ ቢኖረውም ክፍሉ ላይኖረው ይችላል። ምክንያቱ ዲቫይደር ነው። ማንኛውንም ፒን የሚቀበል ቀዳዳ ያለው ዲቫይደር ታውቃላችሁ አይደል? የኮምፒውተራችን ክብ ፒን የአርዝ ብረቱ ያለው በጎኑ ላይ ነው። በዚያ ዲቫይደር ላይ ሲሰካ ያ ብረት ምንም አይነካም። ዕቃው ይሠራል፣ አርዙ ግን አየር ላይ ነው። ከዱባይ የመጣውን ባለ ሦስት እግር ፒን በሁለት እግር መቀየሪያ ስትሰኩም እንደዚያው።

አሁን ተግባራዊውን ልንገራችሁ። ሶኬት ራሳችሁ አትፍቱ፤ ይሄን ለኤሌክትሪሺያናችሁ አሳዩት።

1. አርዝ ያስለኩ። ከባድ ዕቃ ተለኩሶ ሳለ ፌዝና አርዝ መሃል ወደ 220 ቮልት፣ ኒውትራልና አርዝ መሃል ደግሞ ጥቂት ቮልት ብቻ መሆን አለበት። ከባድ ዕቃ እየሠራ ኒውትራልና አርዝ መሃል ፍጹም ዜሮ ካሳየ ሶኬቱ ውስጥ አገናኝተውት ይሆናልና ይፈተሽ።

2. ሶኬት ላይ ኒውትራልን ከአርዝ ጋር ማገናኘት ነውር ነው። «አርዝ ሠራሁልህ» ብሎ ይሄን የሚሠራ ሰው የሠራው ወጥመድ ነው።

3. የሚነጋገሩ ዕቃዎችን፣ ማለትም ኮምፒውተር፣ ፕሪንተር፣ ስዊችና ዲቪአርን፣ የጎን የአርዝ ብረት ካለው አንድ ዲቫይደር ላይ ስኩ። ዜሮአቸው አንድ ይሁን።

4. ከሕንፃ ወደ ሕንፃ የመዳብ ኬብል አትዘርጉ። ፋይበር ዘርጉ፤ ፋይበር መስታወት ስለሆነ ብርሃን እንጂ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ፋይበሩን ወደ ኔትወርክ የሚቀይረው ሚድያ ኮንቨርተር እዚሁ መርካቶ ይሸጣል። ካልሆነም በአየር የሚያገናኝ መሣሪያ አለ።

5. ለኮምፒውተር ብቻ ብላችሁ ለብቻው አርዝ አትቅበሩ። ሁለት የማይገናኙ አርዞች ማለት ሁለት ዜሮ ማለት ነው። መብረቅ አካባቢው ላይ ሲወድቅ በሁለቱ መሃል የሚፈጠረው ልዩነት በኬብላችሁ ነው የሚያልፈው። ዲሹም፣ የካሜራው ብረትም፣ የሕንፃው ብረትም ከአንዱ አርዝ ጋር ይታሰሩ።

6. ጨውና ከሰል ተደርጎ የተቀበረ አርዝ ለዘላለም አይሠራም። ጨዉ በዝናብ ይታጠባል፣ ዘንጉንም ይበላል። አፈሩ በበጋ ሲደርቅ ደግሞ መሬቱ ኤሌክትሪክ መቀበል ይቀንሳል። ስለዚህ አርዝ የሚለካው በበጋ ነው፤ በክረምት ሁሉም አርዝ ጥሩ ይመስላል።

7. 30 ሚሊ አምፒር ላይ የሚቆርጠውን መከላከያ ብሬከር ያስገቡ። ተራው ብሬከር ለሰው አልተሠራም። የአርዛችሁ ተቃውሞ 50 ኦም ቢሆን፣ 220 ቮልት ሲፈስስ 4.4 አምፒር ብቻ ነው የሚሄደው። 16 አምፒሩ ብሬከር ይሄን እንደ ማብሰያ ነው የሚቆጥረው፤ ንቅንቅ አይልም። ሰው ግን በዚህ በመቶኛው ክፍል ይሞታል።

8. ስታቢላይዘርና ዩፒኤስ አርዝን አይተኩም። እነሱም ራሳቸው አርዝ ይፈልጋሉ።

ሐጂ ጋ ምን ተደረገ? ቋጠሮው ተቆርጦ በአዲስ ተሠራ፣ መጋዘኑ ያቺ ተንኮለኛ ሽቦ ወጣችለት፣ ከሕንፃው አርዝ ቢጫና አረንጓዴ ሽቦ ተሳበ፣ በሁለቱ መሃል ፋይበር ተዘረጋ። የዘረጋው ልጁ ነው። እስከ ዛሬ አንድም ዕቃ አልተቃጠለም።

ሐጂ የስዊቹን ብር መለሱለት። ይቅርታ በአፋቸው አላሉትም። በሳምንቱ ግን የወንድማቸውን ሱቅ ካሜራ እንዲገጥም ላኩት፣ «የኔ ልጅ ነው፣ እመኑት» ብለው። መርካቶ ውስጥ ይቅርታ የሚባለው እንዲህ ነው፤ ልጁም ገብቶታል።

እኔን ግን አንድ ነገር ያሳስበኛል። ይሄ ልጅ ቴስተር የያዘ መምህር ስለነበረው ነው ስሙ የተመለሰው። በየተራው ስንት ልጅ አለ በሌባ ስም የተባረረ፣ የሰረቀው ግን ኒውትራል የሆነ? በዚህ ሀገር ዕቃ ሲቃጠል መጀመሪያ ሰው ነው የሚጠረጠረው፣ ቀጥሎ ዕቃው፣ ቀጥሎ መብራት ኃይል። ሽቦዋን የሚጠረጥር የለም፤ አትታይማ። ብልሃቱ ደግሞ ቀላል ነው፦ አንድ ዕቃ ከተቃጠለ ዕድል ነው፣ ሁለት ከተቃጠለ ሦስተኛውን ከመግዛታችሁ በፊት ለኩ።

የደረሰባችሁ ካለ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፤ የማውቀውን እመልሳለሁ። መጋዘን ላለው ሰው ሁሉ ሼር አድርጉለት። ካርቶን የከመራችሁበትን ግድግዳም ዛሬውኑ ዞር ብላችሁ እዩት።

ሰላም ዋሉ።